ከሳቭሎን ጠርሙስ ጀርባ ያለው አሚን

ከሐረር ወደ ሐረማያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው አወዳይ የጫት ከተማ ናት። እሽጉ ሳይጠወልግ ይጫናል፤ መኪናው ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ ጅጅጋ፣ ከዚያም ወደ ቶጎ ውጫሌ ይከንፋል። ነጋዴው ጫት ካደረ ዋጋው እንደሚወድቅ ያውቃል። ኬሚስት ደግሞ የሚወድቀውን ነገር በስም ያውቀዋል፤ ካቲኖን ይባላል። በተባበሩት መንግሥታት የናርኮቲክ ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ1975 ከትኩስ ቅጠል ተለይቶ የወጣ ውህድ ነው። ቅጠሉ እየደረቀ ሲሄድ ካቲኖን በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ወደ ደካማ ውህዶች ይለወጣል። የአወዳይ መኪኖች የሚሽቀዳደሙት ከዚህ ለውጥ ጋር ነው።

ካቲኖን አሚን ከሚባሉት ውህዶች ወገን ነው። በሐረር ሌላም አሚን አለ፤ ይህኛው ግን አይቸኩልም። ዓመቱን ሙሉ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ አይበላሽም። ስሙን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ቢሆንም ልጆቹ በሸዋ በር ሱቆች፣ በፋርማሲዎች፣ በሆቴል ጓዳዎችና በሆስፒታል ክፍሎች ሁሉ አሉ። የፈሳሽ ሳሙናው አረፋ፣ የሻምፑው ልስላሴ፣ የወለል ማጽጃው ጀርም የመግደል አቅም፣ የቁስል ማጠቢያው ሳቭሎን አንዱ ክፍል፣ የዓይን ጠብታው ማቆያ ሁሉ ከእርሱ ወይም ከቅርብ ዘመዶቹ ይወለዳሉ። ኬሚስቶች ዶዴሲል ዳይሜቲል አሚን ይሉታል፤ በንግዱ ዓለም ደግሞ ላውሪል ዳይሜቲል አሚን ይባላል።

አንድ ራስ፣ አንድ ረጅም ጅራት

አሞኒያን ብዙ ሰው በጠረኑ ያውቀዋል። አንድ የናይትሮጅን አቶም ሦስት ሃይድሮጅን ይዞ የተሠራ ነው። ከሦስቱ ሃይድሮጅኖች አንዱ፣ ሁለቱ ወይም ሦስቱም ወጥተው በቦታቸው ካርቦን ያለበት ቁራጭ ሲገባ ውህዱ አሚን ይሆናል። የገባው ቁራጭ የውህዱን ጠባይ ይወስናል። ሦስቱም ቦታ ላይ ትንሿ የሜቲል ቁራጭ ከገባች የሚወጣው ትራይሜቲል አሚን ነው፤ የቆየ ዓሣ ሽታ የሚመጣው ከእርሱ ነው።

በእኛው አሚን ላይ ሁለቱ ቦታዎች በሜቲል ተይዘዋል። በሦስተኛው ላይ ግን 12 ካርቦኖች ያሉት ረጅም ሰንሰለት ተቀጥሏል። ውጤቱ ቀለም የሌለው ወይም ትንሽ ቢጫማ የሆነ፣ የአሞኒያና የዓሣ ሽታ ያለው፣ ከውሃ የሚቀልና በውሃ ውስጥ እምብዛም የማይሟሟ ፈሳሽ ነው። በዚህ መልኩ ለቤት የሚሆን ነገር አይደለም፤ ቆዳን ያቃጥላል፣ ዓይንን ይጎዳል፣ በውሃ ውስጥ ለሚኖሩ ፍጥረታትም መርዝ ነው። ከፋብሪካ ወደ ፋብሪካ በበርሜል የሚጓዝ ጥሬ ዕቃ ነው።

ጥቅሙ ከአሠራሩ ይመነጫል። ናይትሮጅን ያለበት ጫፍ ራስ ነው፤ 12 ካርቦኖች የተደረደሩበት ሰንሰለት ደግሞ ጅራት። ጅራቱ ቅባት ይወዳል፤ ከውሃ ይሸሻል። ራሱ ላይ ጥቂት ለውጥ ከተደረገበት ውሃ ወዳድ ይሆናል። አንዱ ጫፉ ውሃን፣ ሌላው ጫፉ ቅባትን የሚወድ ሞለኪውል ሰርፋክታንት ይባላል። ሳሙናም በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው። ጅራቱ በሳህኑ ላይ ያለውን ቅባት ይይዛል፣ ራሱ ውሃውን ይይዛል፣ ቅባቱም ከውሃው ጋር ይሄዳል።

ከኮኮናት ዘይት እስከ ሐረር ሱቅ

ባለ 12 ካርቦኑ ሰንሰለት በተፈጥሮ የሚገኘው በኮኮናት ዘይትና በፓልም ፍሬ ዘይት ውስጥ ነው። ከኮኮናት ዘይት የቅባት አሲዶች ግማሽ ያህሉ ላውሪክ አሲድ ነው፤ ላውሪል የሚለውም ስም ከዚያ የመጣ ነው። ፋብሪካዎች ዘይቱን ሰንጥቀው አሲዱን ያወጣሉ፤ አሲዱን ወደ ረጅም አልኮል ይለውጣሉ፤ አልኮሉን በብረት ማፋጠኛ ላይ ከዳይሜቲል አሚን ጋር ያገናኙታል። ከነዳጅ ዘይት ውጤቶችም ያንኑ ሰንሰለት መሥራት ይቻላል።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ይበታተናል። አሚኑ ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ አሚን ኦክሳይድ ይሆናል፤ የፈሳሽ ሳሙናን አረፋ የሚያበዛና የሚያቆይ ነው። ከክሎሮአሴቲክ አሲድ ጨው ጋር ሲገናኝ ቤታይን ይወጣል፤ ዓይንና ቆዳ የማይቆጠቁጥ ሻምፑ ለመሥራት ይውላል። ከቤንዚል ክሎራይድ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ታዋቂው ልጁ ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ ይወለዳል። ገበያ ላይ የሚገኘው ቤንዛልኮኒየም አንድ ወጥ ሞለኪውል አይደለም፤ 12፣ 14 እና 16 ካርቦን ያላቸው ጅራቶች የተደባለቁበት ነው። የሳቭሎኑ ሴትሪማይድም የዚሁ ቤተሰብ ነው። በጅራቱ ትንሽ ረዘም ብሎ፣ በራሱ ላይ ሦስት ሜቲል ይዞ ይመጣል። በሳቭሎን ውስጥ ክሎርሄክሲዲን ከሚባል ሌላ ጀርም ገዳይ ጋር አብሮ ይሠራል።

በእነዚህ የመጨረሻዎቹ ሁለት ልጆች ላይ የናይትሮጅኑ አራቱም እጆች በካርቦን ተይዘዋል። አራት እጆቹ የተያዙበት ናይትሮጅን አንድ ኤሌክትሮን ይጎድለዋል፤ ስለዚህ ምንጊዜም ፖዘቲቭ ቻርጅ ይዞ ይኖራል። ይህ ወገን ኳተርነሪ አሞኒየም ይባላል፤ የሙያው ሰዎች ባጭሩ ኳት ይሉታል። ከዚህ በታች ስለ ኳት የሚነገረው አብዛኛው፣ ኃይሉም ድካሙም፣ ከዚያች ፖዘቲቭ ቻርጅ የሚመነጭ ነው።

ቻርጇ እንዴት ትገድላለች?

የባክቴሪያ ሽፋን ከውጭ ሲታይ ኔጋቲቭ ቻርጅ ያመዝንበታል። የሽፋኑ ቅባቶች ፎስፌት የተሸከሙ ናቸውና። ፖዘቲቩ ኳት ወደ ኔጋቲቩ ሽፋን ይሳባል፤ ራሱ እላዩ ላይ ይለጠፋል፤ ቅባት ወዳዱ ጅራት ደግሞ ወደ ሽፋኑ ቅባት ውስጥ ይሰርጋል። አንድ ሁለት ሞለኪውል ብዙ አይጎዳም። በሺዎች ሲሆኑ ግን የሽፋኑ ሥርዓት ይፈርሳል፤ እንደተበሳ ስልቻም ፖታሲየሙ፣ ስኳሩና ፕሮቲኑ ከሕዋሱ ይፈስሳል። ባክቴሪያው ይሞታል። ኮሮናን፣ ኢንፍሉዌንዛንና ኤች አይ ቪን የመሰሉ የቅባት ካባ የለበሱ ቫይረሶችም ካባቸው በዚሁ መንገድ ይቀደዳል።

ጅራቱ ለምን 12 ወይም 14 ካርቦን ሆነ? በጣም አጭር ጅራት ሽፋኑ ውስጥ ዘልቆ አይገባም። በጣም ረጅም ከሆነ ደግሞ ሞለኪውሎቹ በውሃው ውስጥ እርስ በርስ ተሰባስበው ይቀራሉ፤ ባክቴሪያው ዘንድ የሚደርሱት ጥቂቶች ናቸው። መሐል ላይ ያለው ርዝመት ነው የሚያዋጣው።

ኳት ከመገኘቱ በፊት ሰው ጀርምን የሚቃወምበት ሌላ መንገድ ነበረው። በሐረርጌ የወተት ዕቃ በወይራ ጭስ ይታጠናል፤ በሐረር ጀጎል ግንብ ውስጥ ደግሞ የቤት ግድግዳ ኖራ ይቀባል። በወይራው ጭስ ውስጥ ፌኖል የሚባሉ ውህዶች አሉ። ኖራም እጅግ አልካላይን በመሆኑ አብዛኛው ጀርም አይቋቋመውም። እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጆሴፍ ሊስተር እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ቁስልን በካርቦሊክ አሲድ ማጠብ ሲጀምር የተጠቀመውም ፌኖልን ነበር። ፌኖል ጀርምን ይገድላል፤ የሐኪሙንም እጅ ያቃጥላል።

በኒውዮርክ የሮክፌለር ተቋም ኬሚስቶች ዋልተር ጃኮብስና ማይክል ሃይደልበርገር እ.ኤ.አ. በ1915 እና በ1916 ኳተርነሪ አሞኒየም ውህዶች ጀርም እንደሚገድሉ አሳይተው ነበር። ነገሩ ሰፊ ጥቅም ላይ የዋለው ግን ጀርመናዊው ሐኪም ጌርሃርድ ዶማክ እ.ኤ.አ. በ1935 ስለ ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ ካሳተመ በኋላ ነው። ዶማክ የመጀመሪያውን ሰልፋ መድኃኒት በማግኘቱ የ1939ን የኖቤል የሕክምና ሽልማት አሸነፈ፤ የናዚ መንግሥት እንዳይቀበል ስላስገደደው ሜዳሊያውን የወሰደው በ1947 ነው። የሽልማቱ ምክንያት ኳቱ ባይሆንም ከሁለቱ ሥራዎቹ ዛሬ በየቤቱ የሚገኘው ኳቱ ነው።

የእኛው እንዶድ

ሽፋን የሚያፈርስ ሰርፋክታንት ከፋብሪካ ብቻ አይወጣም። እንዶድ በኢትዮጵያ ደጋ ከጥንት ጀምሮ የልብስ ሳሙና ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ አካባቢ በወንዝ ዳር ሲያጠኑ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ጥገኛ ተሕዋስ የሚያድገው በቀንድ አውጣ ውስጥ ነውና ትርጉሙ ወዲያው ገባቸው። በእንዶድ ውስጥ ያለው ገዳይ ሳፖኒን በእርሳቸው ስም ለማቶክሲን ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተካፈሉ።

ሳፖኒኑ እንደ ኳት ፖዘቲቭ ቻርጅ የለውም፤ በሌላ መንገድ ግን ያንኑ ሥራ ይሠራል። ውሃ ወዳድና ቅባት ወዳድ ጫፎቹን ይዞ የሕዋስ ሽፋንን ይበሳል። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የውሃ ቧንቧ የሚደፍነውን ዜብራ የተባለ ቅርፊት ለባሽ ፍጥረት ለመከላከል በኦሃዮ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድን ሞክሯል፤ ለዚያው ሥራ የኳት ውህዶችም አገልግለዋል። የሐበሻ ቁጥቋጦና የፋብሪካ ኬሚካል ለአንድ ዓላማ ተገናኝተዋል ማለት ነው። ሁለቱም የሚጋሩት ጉዳት አለ። ቀንድ አውጣውን የሚገድለው መጠን ዓሣንም ይገድላል።

የሚያከሽፉት አራት ነገሮች

የኳት ኃይል ፖዘቲቭ ቻርጁ ነው ብለናል። ስለዚህ ኔጋቲቭ ቻርጅ ያለው ሁሉ ከጀርሙ ቀድሞ ሊይዘው ይችላል፤ ሌላ ፖዘቲቭ ነገር ደግሞ ቦታውን ሊሻማው ይችላል።

የመጀመሪያው ሳሙና ነው። የልብስ ሳሙናም ሆነ ኦሞ ራሱ ላይ ኔጋቲቭ ቻርጅ የተሸከመ ሰርፋክታንት ነው። ኳትና ሳሙና በአንድ ባልዲ ሲገናኙ ራስ ለራስ ተያይዘው ጥቅም የለሽ ዝቃጭ ይሆናሉ። “ሁለቱ ሲደባለቁ ይበልጥ ይጠነክራሉ” ብሎ ኦሞና ፀረ ጀርም አንድ ላይ የሚበጠብጥ ሰው ሁለቱንም ገንዘብ ደፋ ማለት ነው። ቁስል በሳሙና ታጥቦ በደንብ ሳይለቀለቅ ሳቭሎን ቢደረግበትም የሴትሪማይዱ ድርሻ ይባክናል።

ሁለተኛው ቆሻሻ ነው። ደም፣ መግል፣ የምግብ ትርፍራፊና አፈር ኳቱን ይመጡታል። ጠረጴዛው ላይ የወጥ ቅሪት እያለ መድኃኒት መርጨት ወጡን ማከም ነው።

ሦስተኛው ጥጥ ነው። የጥጥ ክር ላዩ ላይ ኔጋቲቭ ቻርጅ ስላለው ኳቱን ከውሃው ውስጥ ለቅሞ ይይዛል። የጨርቅ መወልወያ በተነከረበት ባልዲ ውስጥ ያለው የኳት መጠን እያነሰ የሚሄደው ለዚህ ነው። በሕክምና ቤት ደግሞ ነገሩ ከብክነት ያለፈ ነው። ጥጥ ወይም ጎዝ በጣሳ ውስጥ በቀጠነ ቤንዛልኮኒየም ተዘፍዝፎ ሲቆይ መድኃኒቱ ይደክማል፤ ሱዶሞናስ የሚባለው ግትር ባክቴሪያ በጣሳው ውስጥ መራባት ይጀምራል። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ በተለያዩ አገሮች ሆስፒታሎች ከዚህ የተነሱ የኢንፌክሽን ወረርሽኞች ተመዝግበዋል። ጀርም ገዳይ ተብሎ የተቀመጠው ፈሳሽ ራሱ የጀርም ምንጭ ሆነ። ጥጥን በፀረ ጀርም ዘፍዝፎ አታቆይ የሚለው የሕክምና ቤት መመሪያ የመጣው ከዚህ ነው።

አራተኛው ውሃው ነው፤ እዚህ ላይ ሐረር የራሷ ታሪክ አላት። ከተማዋ ለረጅም ጊዜ የጠጣችው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። ሐይቁ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ ደረቀ፤ በቅርብ ዓመታት ውሃ መልሶ መያዝ ቢጀምርም ያኔ ከተማዋ ሌላ ምንጭ መፈለግ ግድ ሆነባት። ከድሬዳዋ አካባቢ ጉድጓዶች ወደ ላይ የሚገፋ ውሃ ተዘረጋ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ደግሞ ከ1,800 ሜትር በላይ ናቸው፤ ውሃው ሽቅብ በፓምፕ ነው የሚመጣው። የድሬዳዋ ምድር በኖራ ድንጋይ የበለጸገ በመሆኑ የከርሰ ምድር ውሃው ካልሲየም የበዛበት፣ ጠንካራ የሚባል ውሃ ነው። በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት የዚህ ምልክት ነው።

ካልሲየምና ማግኒዚየም እንደ ኳቱ ሁሉ ፖዘቲቭ ናቸው። ስለዚህ በባክቴሪያው ሽፋን ላይ የኳቱን ቦታ ቀድመው ይይዛሉ፤ ሽፋኑንም ያጠነክሩታል። በዚህ ምክንያት ብዙ አምራቾች በምርታቸው ላይ እስከ ስንት መጠን ባለው የውሃ ጥንካሬ እንደሚሠራ ይጽፋሉ። ጠንካራ ውሃ ባለበት ከተማ መለያው ላይ ከተጻፈው መጠን ማሳነስ ሌላው ቦታ ከሚያስከትለው የበለጠ ጉዳት አለው። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ቤት ደግሞ በሮቶና በጀሪካን ያለችውን ለመቆጠብ ሲል መለቅለቁን ይቀንሳል፤ የሳሙናው ቅሪት ሳይለቀቅ ኳቱ ይከተላል። የመጀመሪያውና የአራተኛው ችግር በአንድ ባልዲ ይገናኛሉ።

የማይችላቸው ጀርሞች

ኳት ሁሉን አይገድልም። የባክቴሪያ ስፖሮችን አይነካቸውም። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ሽፋኑ ሰም ስለበዛበት ይቋቋመዋል። የፖሊዮ፣ የሄፓታይተስ ኤ እና የኖሮ ቫይረሶች የሚቀደድ የቅባት ካባ ስለሌላቸው ብዙ አይጎዳቸውም።

እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2022 ጀምሮ በባሌ ተነስቶ ወደ ብዙ ክልሎች የተዛመተው የኮሌራ ወረርሽኝ ሐረሪንም ነክቷል። የኮሌራ ባክቴሪያ በንጹሕ ገጽ ላይ በኳት ይሞታል። ይሁንና በኮሌራ ጊዜ የሚታዘዘው ክሎሪን ነው፤ ምክንያቱም ርካሽ ነው፣ ብዙ ዓይነት ጀርም ይገድላል፣ ለመጠጥ ውሃም ያገለግላል። ኳት ለመጠጥ ውሃ ፈጽሞ አይሆንም። ውሃ አጋርን የመሰሉ ለቤት ውሃ ማከሚያ የተሠሩ ምርቶች ክሎሪን ናቸው። የተበከለ ዕቃና ወለል ለማጽዳት በአገራችን የጤና ተቋማት የተለመደው 0.5 በመቶ ክሎሪን ነው፤ 5 በመቶ የሆነ በረኪና አንድ እጅ፣ ውሃ ዘጠኝ እጅ። ለእጅ ማጽጃ ደግሞ ቢያንስ 60 በመቶ የሆነ አልኮል ይመረጣል።

በኮሮና ጊዜ በብዙ አገሮች መንገድና ገበያ በፀረ ጀርም ሲረጭ ታይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በግንቦት ወር እ.ኤ.አ. 2020 ይህ እንደማይረዳ፣ ሰው ላይ መርጨትም ጎጂ እንደሆነ አስታውቋል። ምክንያቱን ከላይ አይተነዋል፤ የመንገድ አፈር መድኃኒቱን ይመጠዋል።

ለጀጎል ግንብ የሚሆን ትምህርት

በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የተሠራው የጀጎል ግንብ 48 ሄክታር ያህል ከተማ ይከብባል፤ እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የድሮ ድንጋይ ላይ ሽበት፣ አልጌና ሻጋታ ይበቅላል። በዓለም ዙሪያ የቅርስ ጠጋኞች ይህን ለማጥፋት በብዛት ከሚጠቀሙባቸው አንዱ ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ ነው። የጥንት ግንብ ያለው ከተማ ሁሉ አንድ ቀን ይህ ጥያቄ ይመጣበታልና በፈረንሳይ ላስኮ ዋሻ የሆነውን ማወቅ ይጠቅማል።

የላስኮ ዋሻ የቅድመ ታሪክ ሥዕሎች እ.ኤ.አ. በ1940 ተገኙ፤ የጎብኚ ትንፋሽ ስለጎዳቸው በ1963 ለሕዝብ ተዘጋ። እ.ኤ.አ. በ2001 ፉሳሪየም የሚባል ነጭ ሻጋታ ወለሉንና ግድግዳውን ወረረ። ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ ለተወሰኑ ዓመታት ተደጋግሞ ተረጨ። ሻጋታው ቀነሰ፤ በኋላ ጥቁር ነጠብጣቦች መጡ። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት በዋሻው ውስጥ የበዙት ራልስቶኒያና ሱዶሞናስ የሚባሉ ባክቴሪያዎች መሆናቸውን አሳየ። ደካሞቹ ሲሞቱ ኳት የማይገድላቸው ቦታውን ወረሱ፤ የመድኃኒቱ ስብርባሪም ለአንዳንድ ጥቃቅን ሕያዋን ምግብ ሆኖ ሊያገለግል እንደሚችል ተመራማሪዎቹ ጠቆሙ።

በሕክምናም ተመሳሳይ ሥጋት አለ። ስታፊሎኮከስን ጨምሮ አንዳንድ ባክቴሪያዎች የገባባቸውን ኳት ወደ ውጭ የሚገፋ ፓምፕ የሚሠሩበት ጂን አላቸው። እነዚህ ጂኖች አንቲባዮቲክን ከሚቋቋሙ ጂኖች ጋር ተያይዘው ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ ሊተላለፉ ይችላሉ። በአነስተኛ መጠን፣ በየቦታው፣ ሳያስፈልግ መርጨት ለእነዚህ ባክቴሪያዎች ሜዳውን ይከፍታል።

ከባልዲው ከወጣ በኋላ

ኳት ገጽ ላይ ይለጠፋል። ይህ ለጠረጴዛ ጥሩ ሲሆን ለወተት ዕቃ መጥፎ ነው። በኳት ታጥቦ ሳይለቀለቅ የቀረ ዕቃ ውስጥ የገባ ወተት በደንብ ላይረጋ ይችላል፤ እርጎ የሚያረጉት ባክቴሪያዎችም በዚያው መድኃኒት ይጎዳሉና። የአውሮፓ ኅብረት በምግብ ውስጥ ለሚቀረው ቤንዛልኮኒየም ገደብ የወሰነው እንዲህ ያለ ቅሪት ስለሚያሳስብ ነው። ቢራ ፋብሪካዎችም ቅሪቱን ይፈሩታል፤ የቢራውን አረፋ ያጠፋል።

የመጸዳጃ ጉድጓድ ባለበት ቤት ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ጉድጓዱ ውስጥ ቆሻሻውን የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች ናቸው። ጠርሙስ ሙሉ ፀረ ጀርም በተደፋ ቁጥር እነዚህ ባክቴሪያዎች ይሞታሉ፤ ጉድጓዱም ቶሎ ይሞላል። ከዚያ አልፎ ወደ ወንዝ የሚደርሰው ለዓሣና ለጥቃቅን የውሃ ፍጥረታት መርዝ ነው።

በሰው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በመጠን ይወሰናል። በዓይን ጠብታ ውስጥ ያለው ቤንዛልኮኒየም ብዙውን ጊዜ 0.01 በመቶ ያህል ነው፤ ያልቀጠነው ግን ዓይንን ሊያሳውር፣ ቢጠጣም ጉሮሮን ሊያቃጥል ይችላል። ይህን ፈሳሽ በሃይላንድ ጠርሙስ ቀንሶ ያለ ምልክት ማስቀመጥ በልጅ ሕይወት መጫወት ነው።

ታዲያ እንዴት እንጠቀምበት?

በመጀመሪያ ማጽዳት፣ ቀጥሎ መድኃኒት። ገጹ በሳሙናና በውሃ ይታጠብ፤ ሳሙናው እስኪለቅ ይለቅለቅ፤ ከዚያ ኳቱ ይደረግ። ወዲያው አይጠረግ። ብዙ ምርቶች ገጹ እስከ 10 ደቂቃ እርጥብ ሆኖ እንዲቆይ ያዝዛሉ፤ በሐረር ደረቅ ወራት ቶሎ ስለሚተን ደግሞ ማርጠብ ሊያስፈልግ ይችላል።

መጠኑ በግምት አይሁን። ለምግብ ቤት ጠረጴዛና ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ የሚታዘዘው በአንድ ሊትር ውሃ ከ200 እስከ 400 ሚሊግራም ኳት ነው። ጠርሙሱ ላይ 10 በመቶ የሚል ካለ ለከፍተኛው መጠን ለአንድ ሊትር 4 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ ለባለ 20 ሊትር ጀሪካን 80 ሚሊ ሊትር፣ አንድ የቡና ስኒ ገደማ ማለት ነው። ምግብ የሚነካ ዕቃ በመጨረሻ በንጹሕ ውሃ ይለቅለቅ። የቀጠነው ለዕለቱ ብቻ ይበጥበጥ፤ ያደረው ይደፋ። ከበረኪናም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር አይደባለቅ። ለመጠጥ ውሃ ክሎሪን፣ ለእጅ ሳሙና ወይም አልኮል፣ ለጠረጴዛና ለወለል ገጽ ኳት ወይም በረኪና፤ እያንዳንዱ የየራሱ ቦታ አለው።

ለሻጩም አንድ ቃል። ከበርሜል እየቀዱ በሊትር የሚሸጡ ሁሉ በውስጡ ያለው ምን እንደሆነና ስንት በመቶ እንደሆነ ጠርሙሱ ላይ ይጻፉ። ገዢው ደግሞ ሽታውንና ቀለሙን ትቶ ያንን ቁጥር ይጠይቅ። ቁጥር የሌለው ፀረ ጀርም ምን ያህል ውሃ እንደሚጨመርበት ማንም ሊነግርዎ አይችልም፤ ስለዚህ ባይገዙት ይሻላል።